ለዕረፍት የጥሪ ካርድ አይመጣም

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 36 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ የረድኤት ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በወር ከ10 እስከ 12 ቀን መስክ ነኝ፤ አንዴ ሰመራ፣ አንዴ ጅግጅጋ። አበሉ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ስለሚሸፍን መስክ ልቅር ማለት አልችልም። ዓምና ሐኪም ግፊቴ 140 በ90 መድረሱን ነግሮኝ፣ ጨው እንድቀንስና እንድንቀሳቀስ ስለመከረኝ ሶምሶማ ጀመርኩ። በኅዳር ታላቁ ሩጫ ላይ አሥሩን ኪሎ ሜትር ሳልቆም ስጨርስ አለቀስኩ። አሁን ግን ጥር እየመጣ ነው። ገና ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ፣ ጥምቀት ከባለቤቴ ቤተሰብ ጋር፣ ከዚያ አራት ሠርግ፦ የባለቤቴ ወንድም፣ ደብረ ብርሃን ያለው የአጎቴ ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሐዋሳ የምታገባው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ። በመካከሉ የእህቴ ልጅ ክርስትናና ሁለት የመስክ ጉዞ አለ። ባለፈው ጥር በዚችው እህቴ ቅልቅል ቀን መኪና ውስጥ እንቅልፍ ጥሎኝ ድግሱ አለፈኝ፤ ‹ኮራች› ተባልኩ። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ታምሜ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። እናቴም ባለቤቴም ‹ሩጫውን ተዪና ዕረፊ› ይሉኛል። ከሁሉ የከበደኝ የስድስት ዓመት ልጄ ማታ ማታ ‹እማዬ፣ ዛሬ እዚህ ነው የምታድሪው?› ማለቷ ነው። የቱን ልተው? ደክሞኛል፣ ከአያት ሰፈር»

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ሩጫውን አትተዪ። እናትሽም ባለቤትሽም ክፉ አስበው አልተናገሩም። ፊትሽ መገርጣቱን ያያሉ፤ ምን እንቀንስላት ብለው ሲፈልጉ ዐይናቸው የሚያርፈው ብትተዪው ማንንም በማያስቀይም ነገር ላይ ነው። ከሠርግ ብትቀሪ ዘመድ ይቀየማል፤ ከመስክ ብትቀሪ አለቃ ይቆጣል፤ ከሩጫ ብትቀሪ ግን «የት ጠፋሽ?» ብሎ የሚደውል የለም። ስለዚህ ትርፍ ነገር ይመስላቸዋል። ላንቺ ግን ሐኪም የመከረሽ ሕክምና ነው። 140 በ90 የደም ግፊት በሽታ ተብሎ መቆጠር የሚጀምርበት ልክ ነው፤ በ36 ዓመትሽ ከዚያ ለመመለስ መንገድ ጀምረሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ሙሽሮቹ ከፎቶ እስኪመለሱ አዳራሽ ተቀምጠን የምንጠብቀው ጊዜ አንዳንዴ ከዚህ አያንስም። ያደከመሽ ሩጫው አይደለም።

ያደከመሽን ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ ፈለግሁት። ጉዞ አለ፤ ትእዛዝ ወጥቶለት፣ አበል ተከፍሎበት ይመጣል። ድግስ አለ፤ በካርድና በስልክ ይመጣል፣ ከኋላው ይሉኝታ አለ። ሩጫ አለ፤ ጫማሽ በር ላይ ተቀምጦ ያስታውስሻል። ዕረፍትን ስፈልግ ግን በ«ዕረፊ» ውስጥ ካልሆነ የትም አላገኘሁትም፤ እሱም ሩጫሽን ቀምቶ በምትኩ የተሰጠሽ ቃል ነው። ቀን የለውም፣ ሰዓት የለውም፣ ጠሪም የለውም። ጠሪ የሌለው ነገር ደግሞ በኛ አገር ኑሮ ሁልጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ነው። ዘጠኝ ቀን ስትታመሚ ያረፍሽው ሰውነትሽ ራሱ ጠርቶሽ ነው።

ይህን የምልሽ ከውጭ ሆኜ አይደለም። ለ11 ዓመት የሽያጭ ተቆጣጣሪ ሆኜ ከከተማ ከተማ ዞሬያለሁ። አንድ የጥር ዓርብ ከደሴ ገባሁ፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ቅዳሜ ሠርግ ዋልኩ፤ እሑድ ክርስትና። እሑድ ማታ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ መኪና እየነዳሁ ወደ ቤት ስመለስ ትራፊክ መብራት ላይ ቆምኩ። ከዚያ የማስታውሰው «እማዬ!» የሚለውን ጩኸት ነው። እግሬ ከፍሬኑ ላይ ላልቶ መኪናው በራሱ ወደ መስቀለኛ መንገዱ እየተንሸራተተ ነበር። ዐይኔን ስገልጥ አንድ ጭነት መኪና ከግራዬ እየመጣ ነው። ረገጥኩት፣ ቆመ፣ አለፈን። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እስከ ዛሬ እኔ ስነዳ አይተኛም። አንቺ መኪና ውስጥ የተኛሽው ሞተሩ ጠፍቶ ቆሞ በነበረበት ሰዓት በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። «ኮራች» ያለሽ ሰው ይህን አያውቅም፤ አንቺ ግን ዕወቂው። ያ እንቅልፍ ጨዋነት ማጣት አልነበረም።

እንግዲህ ወደ አራቱ ሠርግ እንምጣ። አራቱን በአንድ መስመር ደርድረሽ ጽፈሻቸዋል፤ እኩል ግን አይደሉም።

የባለቤትሽ ወንድም ሠርግ የቤትሽ ሠርግ ነው። ሠርጉም፣ መልሱም፣ ቅልቅሉም ያንቺ ነው፤ ከዚህ ላይ ምንም አትቀንሺ። ይልቅ በዚያ ሳምንት ሌላ ምንም እንዳይኖር ዙሪያውን አጥሪው። የባልደረባሽ ሠርግ ላይ አዳራሽ ገብተሽ፣ ሙሽሮቹን ስመሽ፣ ምሳ በልተሽ፣ ስጦታሽን ሰጥተሽ ተመለሺ። ሐዋሳ አትሂጂ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 550 ኪሎ ሜትር ለአንድ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ለጓደኛሽ አሁኑኑ ደውዪላት፤ በጽሑፍ መልእክት አይሁን፣ ድምፅሽን ትስማ። «በሠርግሽ ቀን ከብዙ ሰው መካከል ከሩቅ ከማይሽ፣ ጫጉላው ካለፈ በኋላ መጥቼ አንድ ሌሊት አብሬሽ ባድር ደስ ይለኛል» በያት፤ ቀኑንም ያን ጊዜውኑ ቁረጡ። ቀን ያልተቆረጠለት «እመጣለሁ» ያስቀይማል፤ ቀን የተቆረጠለት ግን ከሠርጉ ይበልጥ ሊናፈቅ ይችላል።

የአጎትሽ ልጅ ሠርግ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የድካምሽ ሥር እዚያ ያለ ይመስለኛል። ወንድሞች ካሉሽ እነሱ ለዚህ ሠርግ ምን እንደሚያደርጉ አስቢ። ቅዳሜ ሱፋቸውን ለብሰው ይደርሳሉ፤ ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይመለሳሉ፤ «ተገኙልን» ተብለው ይመሰገናሉ። አንቺ ግን ሐሙስ ማታ ትሄጃለሽ። የሽንኩርቱ ክምር ይጠብቅሻል፤ እስከ እኩለ ሌሊት ትልጫለሽ፣ ዶሮውን ትበልቻለሽ፣ ድስቱን ታማስያለሽ፣ እንጀራውን ትቆጥሪያለሽ፤ ቅዳሜ የእንግዳ ልብስ ለብሰሽ ፈገግ ትያለሽ፤ እሑድ ዕቃ ታጥቢያለሽ። ሁለቱም «ሠርግ ሄዱ» ይባላል። ለወንድም የበቃ መገኘት ለእህት የማይበቃበት ምክንያት እኔ አልታየኝም፤ ዕድሜዬ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ያበሳጨኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን፤ የድግስ ሥራ ግን ሁልጊዜ በነዚያው አራትና አምስት ሴቶች ጀርባ ላይ ነው የሚጫነው።

ስለዚህ ወንድሞችሽንና የአጎትሽን ልጆች ሰብስበሽ፣ ካልተመቸ በስልክ፣ ገንዘብ አዋጡና በቀን ሒሳብ የሚሠሩ ወጥ ሠሪዎች ይቀጠሩ። ድርሻሽን ቀድመሽ ላኪ። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሄደሽ፣ እዚያው አድረሽ፣ እሑድ በቀን ተመለሺ። 130 ኪሎ ሜትር ቅርብ ነው ብለሽ በሌሊት አትንጂ።

ይህ ሁሉ ለእናትሽ መነገር ያለበት ከሠርጉ በፊት ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ቀድሞ የተነገረ ነገር ምክክር ነው፤ በዋዜማው የተነገረ ነገር መቅረት ነው። እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ «እማዬ፣ ዘንድሮ ለገና ሁለት ሌሊት ሙሉ አንቺ ዘንድ አድራለሁ፤ ስልኬንም አጠፋለሁ። ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ግን ቅዳሜ ነው የምደርሰው፤ ድርሻዬን ልኬያለሁ። ዓምና ዘጠኝ ቀን ተኝቼ ያስታመምሽኝ አንቺ ነሽ፤ ዘንድሮ አላስደነግጥሽም።» እናት የምትቀየመው ልጇ ስትሰወርባት ነው። ሁለት ሙሉ ሌሊት ከሰጠሻት ለዘመዱ የምትመልሰውን ራሷ ታገኝልሻለች።

የእህትሽ ልጅ ክርስትና አይንቀሳቀስም። ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ነው፤ ማንም አያዘገየውም። ሂጂ። ግን ከክርስትናው በፊት አንድ ተራ ቀን፣ እንግዳ በሌለበት ሰዓት፣ አራስ ቤት ግቢ። ሕፃኑን ተቀበያትና እሷ ትተኛ። ስትነቃ የቅልቅሉን ነገር አንሺላት፤ ከሰመራ በተመለስሽ በስንተኛው ቀን እንደነበር፣ እንዴት እንቅልፍ እንደጣለሽ። በሕዝብ መካከል የተባለ «ኮራች» በሕዝብ መካከል አይነሳም። አራስ ቤት ውስጥ፣ ሁለታችሁም እንቅልፍ ባጣችሁበት፣ ይነሳል። ከማንም በላይ አሁን የምትረዳሽ እሷ ናት።

በጥር ውስጥ ካሉት ቅዳሜና እሑዶች አንዱን ባዶ ተዪው። ምንም አትጻፊበት። ልቅሶ ቀን አይመርጥም፤ የጎረቤት ሐዘን ቢመጣ ወደዚያ ትሄጃለሽ፣ ሌላ ነገር ሳታፈርሺ። ካልመጣ ያ ቀን የእንቅልፍሽ ነው። ባለቤትሽንም ተጠቀሚበት። ዕድር ላይ ከቤቱ አንድ ሰው ከተገኘ ቤቱ ተገኝቷል ይባላል፤ ለድግሱም እንደዚያው ይሁን። «ዕረፊ» ካለሽ፣ አንዱን ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ እሱ ይሂድና አንቺ ተኚ። ምክሩን በሥራ የሚያሳይበት ዕድል ስጪው፤ ደስ ብሎት የሚያደርገው ይመስለኛል።

ወደ ሥራሽ ስንመጣ፣ አበሉ የትምህርት ቤት ክፍያ ከሆነ መስኩን ቀንሺ አልልሽም፤ ቀኑን ግን መነጋገር ትችያለሽ። ከሁለቱ የጥር ጉዞዎች አንዱ ወደ የካቲት ይዛወርልኝ ብለሽ ዛሬ ጠይቂ፤ በታኅሣሥ የተጠየቀ ለውጥ ዕቅድ ነው፣ በጥር የተጠየቀ ግን ችግር ፈጣሪ ያስብላል። ከመስክ በተመለስሽ ማግሥት ምንም ፕሮግራም አትያዢ፤ ይህችን አንዲት ደንብ ብቻ ብትጠብቂ የዓምናው ጥር ግማሹ ይቀልልሻል።

ሌላም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። በዘጠኝ ዓመት አገልግሎት 20 የሥራ ቀን አለሽ ማለት ነው። በሳምንትም ቢያንስ ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት የዕረፍት ጊዜ ይደነግጋል፤ እሑድን ሰመራ ስትሠሪ ከዋልሽ ምትኩን መጠየቅ ልመና አይደለም። (ድርጅትሽ የሥራ መሪ አድርጎ የሚቆጥርሽ ከሆነ አዋጁ ላይመለከትሽ ይችላል፤ ውልሽን እይ።) የቅርብ ዘመድ ሲሞት ለሦስት ቀን የሚሰጠው ፈቃድም ከዓመት ፈቃድሽ የሚቆረጥ አይደለም። እንደ ብዙዎቻችን ከሆንሽ እነዚያን 20 ቀኖች በየዓመቱ ለሠርግና ለልቅሶ ቆራርሰሽ ጨርሰሻቸዋል፤ አንዱንም ተኝተሽበት አታውቂም።

የዘንድሮዎቹን አትንኪያቸው። ለዐቢይ ጾም አስቀምጫቸው።

ይህን ያልኩት በጣም አስቤበት ነው። ጥር የሚጨናነቀው ገና ሲያልፍ ጾሙ ስለተፈታ፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከፊት ስለቆመ ነው፤ ሁሉም ሰው በዚያች ክፍተት ይድራል። ነነዌ በገባ በሁለት ሳምንቱ በሩ ይዘጋል። ከዚያ 55 ቀን ሠርግ የለም፣ ትልቅ ድግስ የለም፣ ስልክሽ ይረጋጋል። አባቶቻችን የሠሩት ይህ ዘመን አቆጣጠር ድግስና ዝምታን አፈራርቆ ያስቀመጠ ነው፤ እኛ ድግሱን ሳንነካ ዝምታውን በሥራ ሞላነው። አምስት የሥራ ቀን ፈቃድ በጾሙ መካከል ውሰጂ፤ ከፊትና ከኋላ ካሉት ቅዳሜና እሑዶች ጋር ዘጠኝ ቀን ይሆናል። ዓምና በሕመም የተኛሽባቸውን ያህል ነው። የትም አትሂጂ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰሽ ተመልሰሽ ተኚ። ከሰዓት በኋላ ራስሽ ሄደሽ አምጫቸው።

ሩጫሽን በተመለከተ፣ በጥር ለመሻሻል አትሞክሪ፤ ያለሽን መጠበቅ ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ እያወራሽ መሮጥ በምትችይበት ፍጥነት፣ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፤ የቀረውን በእግር ጉዞ ሙዪው። እንቅልፍሽ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ያደርሽበት ጠዋት ከሆነ ሩጫው ይቅርና እንቅልፉ ይቀድም፤ የእንቅልፍ ማነስ ራሱ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሰመራ ላይ ፀሐይ ከወጣች በኋላ አትሩጪ፤ ወይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከባልደረባ ጋር፣ ወይ ክፍልሽ ውስጥ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕና ገመድ ዝላይ ሃያ ደቂቃ። «በሙቀት ጨው ያስፈልጋል» ብሎ የሚመክርሽ ይኖራል፤ ግፊት ስላለብሽ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትስሚው፣ ውሃ ግን በርከት አድርጊ። ከዚያ ቆላ ስትመለሺ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አስታውሺ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ትንፋሽ ቢያጥርሽ ደክሜያለሁ ብለሽ አትዘኚ፣ ረገብ አድርጊው። ስትጾሚ ደግሞ ጾም ልትፈቺ አንድ ሰዓት ሲቀርሽ ሩጪ፤ ውሃውም ምግቡም ወዲያው ይደርስልሻል። ግፊትሽን በየሁለት ሳምንቱ ተለኪ። ስትሮጪ ደረትሽን ከያዘሽ ወይም ከዞረብሽ ቁሚና ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ከሠርግ በኋላ ብለሽ አታሳድሪው።

የልጅሽን ጥያቄ ሆን ብዬ ወደ ኋላ አስቀረሁት፤ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። እሷ የምትጠይቅሽ እናቴ ለምን ትሠራለች ብላ አይደለም። የት እንደምታድሪ ማወቅ የምትችለው በየማታው በመጠየቅ ብቻ ስለሆነ ነው። አንድ ትልቅ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ግዢ። ነገ ማታ አብራችሁ ተቀመጡና እቤት የምታድሪባቸውን ሌሊቶች እሷ በራሷ እጅ ቢጫ ትቀባቸው፤ መስክ ያለሽባቸውን ሰማያዊ። ባዶ የተውሽውን ቅዳሜም ሌላ ቀለም ስጡት። ቀለም የተቀባን ቀን ለመሰረዝ እሷን ማስፈቀድ ይኖርብሻል፤ ያኔ ለዘመድ «አይመቸኝም» ለማለት የምታጪውን ድፍረት ታገኚዋለሽ። ቅዳሜ ጠዋት ስትሮጪም አንዳንዴ ይዘሻት ውጪ። ሜዳ ዳር ተቀምጣ ዙርሽን ትቁጠር።

ለእናትሽና ለሐዋሳዋ ጓደኛሽ ከዚህ ሳምንት ሳታሳልፊ ደውዪ። ጾሙ ሲገባ ደግሞ ጻፊልኝ፤ ልጅሽ ማታ ማታ አሁንም ትጠይቅሽ እንደሆነ፣ ወይስ ግድግዳውን አይታ ዝም ብላ ትተኛ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።